ከፍጥነት በፊት መረጋጋት፦ ከባድ የቪዲዮ ጨዋታዎች ስለ ኮምፒውተር ጤንነት የሚናገሩት

ከባድ የቪዲዮ ጨዋታ የሚጫወት ሰው ስለ ኮምፒውተሩ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው በአንድ ቁጥር ነው፤ በሰከንድ ስንት ፍሬም። ሻጮች የሚያስተዋውቁት፣ ገዢዎችም የሚያነጻጽሩት ይህንኑ ቁጥር ነው። ጨዋታው በድንገት ሲዘጋ ወይም ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ሲነሣ ግን «ያው ጨዋታ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ልማዶች ይሞግታል። የኮምፒውተርን አቅም ማሻሻል ከመረጋጋት ሊጀምር ይገባል፤ በጨዋታ መሐል የሚታይ ውድቀትም የማሽኑን ሕመም አስቀድሞ ሊጠቁም ስለሚችል በቸልታ መታለፍ የለበትም። ጉዳዩ ከመዝናኛ ያልፋል። ማታ ጨዋታ የሚያስኬደው ማሽን በማግስቱ የመመረቂያ ጥናት መረጃ የሚያሰላው፣ የሕንፃ ንድፍ የሚያወጣው ወይም የማሽን ለርኒንግ ሞዴል የሚያሠለጥነው ያው ማሽን ነውና።

አማካይ ቁጥር የሚደብቀው

በሰከንድ 60 ፍሬም ማለት እያንዳንዱ ምስል በአማካይ በ16.7 ሚሊሰከንድ ይዘጋጃል ማለት ነው። ነገር ግን 59ኙ ፍሬሞች እያንዳንዳቸው በ15 ሚሊሰከንድ ተዘጋጅተው 60ኛው ብቻውን 115 ሚሊሰከንድ ቢፈጅም ድምሩ አንድ ሰከንድ፣ አማካዩም 60 ነው። ተጫዋቹ ግን በዚያ አንድ ፍሬም ላይ ምስሉ ሲደናቀፍ በግልጽ ያያል። የቴክ ሪፖርት አዘጋጅ የነበረው ስኮት ዋሶን እ.ኤ.አ. በ2011 እያንዳንዱ ፍሬም የፈጀው ጊዜ ለብቻው መለካት እንዳለበት ያሳሰበው በዚህ ምክንያት ነበር። ዛሬ ጥንቃቄ ያላቸው መርማሪዎች ከአማካዩ ጎን እጅግ የዘገዩትን አንድ በመቶ ፍሬሞች ውጤት ያወጣሉ።

የመደናቀፉ መንስኤም ብዙ ጊዜ የፕሮሰሰር ፍጥነት ማነስ አይደለም። አንደኛው መንስኤ ሼደር የሚባሉት ትንንሽ የግራፊክስ ፕሮግራሞች ናቸው። ለጨዋታ ብቻ በተሠሩ መሣሪያዎች ላይ ሃርድዌሩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሼደሮቹ አስቀድመው ተተርጉመው ይቀርባሉ። በተራ ኮምፒውተር ግን የግራፊክስ ካርዱ ዓይነት ብዙ በመሆኑ ትርጉሙ የሚከናወነው በተጠቃሚው ማሽን ላይ ነው፤ ሥራው በጨዋታ መሐል ከተደረገ ምስሉ ይቆማል። ሁለተኛው መንስኤ የግራፊክስ ካርዱ ማህደረ ትውስታ መሙላት ነው። ሲሞላ መረጃው እጅግ ከዘገየው ከዋናው ራም መምጣት ይኖርበታል። በዚህ ጊዜ የምስል ልባሶችን ጥራት በአንድ ደረጃ መቀነስ የካርዱን ፍጥነት ከመጨመር የበለጠ ይጠቅማል።

ጨዋታ ቀድሞ ያስጠነቀቀበት አጋጣሚ

ኢንቴል 13ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮቹን ለዴስክቶፕ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022፣ 14ኛውን ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ ነበር። በ2024 መጀመሪያ ከፍተኛ ደረጃ ያላቸውን ሞዴሎች የገዙ ተጫዋቾች በአንሪል ኢንጂን የተሠሩ ጨዋታዎች ገና ሲከፈቱ እንደሚዘጉባቸው በብዛት ማማረር ጀመሩ። በብዙዎቹ ማሽኖች የሚታየው መልእክት «የቪዲዮ ማህደረ ትውስታ አልበቃም» የሚል ስለነበር ሰዎች የግራፊክስ ካርዳቸውን ወቀሱ፤ ድራይቨር ቀየሩ፤ ካርድም የለወጡ አሉ። ችግሩ ግን የፕሮሰሰሩ ነበር። ጨዋታው ሲጀመር እጅግ ብዙ የተጨመቀ መረጃ ይፈታል፤ በዚህ ሥራ አንድ ቢት እንኳ ከተሳሳተ ስሕተቱ ወዲያው ይጋለጣል።

ኢንቴል በሐምሌ 2024 ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እንዲጠይቅ የሚያደርግ የማይክሮኮድ ግድፈት መኖሩን አመነ። በነሐሴ ወር የሚጠየቀውን ቮልቴጅ በ1.55 ቮልት የሚገድብ ማሻሻያ አወጣ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ሆኖም ማሻሻያው ጉዳቱን ይከላከላል እንጂ አስቀድሞ የተጎዳውን ፕሮሰሰር አይፈውስም።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ትምህርቶች ይገኛሉ። የመጀመሪያው፣ የስሕተት መልእክት ሁልጊዜ ወደ እውነተኛው ጥፋተኛ አያመለክትም። ሁለተኛው፣ ከማዘርቦርድ ጋር የሚመጣው ቅንብር ሁሉ አስተማማኝ አይደለም፤ ኢንቴል ከዘረዘራቸው መንስኤዎች አንዱ የማዘርቦርድ የኃይል ቅንብር ከኩባንያው መመሪያ ማለፉ ነበር። ሦስተኛውና ዋናው፣ ሕመሙን ቀድመው በስፋት ካጋለጡት መካከል «ያው ጨዋታ ነው» የሚባልላቸው ፕሮግራሞች ነበሩ። ጨዋታ ሲሳሳት ይዘጋል፤ የምርምር ስሌት ግን ተሳስቶም ቁጥር ሊያወጣ ይችላል።

ፍጥነት በምን ዋጋ?

የፕሮሰሰር የኃይል ፍጆታ በድግግሞሹ መጠንና በቮልቴጁ ካሬ ልክ ያድጋል። ድግግሞሹን በ10 በመቶ ለማሳደግ ቮልቴጁም በ10 በመቶ መጨመር ካለበት ፍጆታው 33 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ያ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ለጨዋታ የሚጠቅመው ፍጥነት በዚህ መንገድ ብቻ አለመገኘቱን እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኤኤምዲ ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ አሳይቷል። ስምንት ኮር ብቻ ያለው፣ ድግግሞሹም ከ5 ጊጋኸርዝ የማያልፈው ይህ ፕሮሰሰር 96 ሜጋባይት ካሽ በቅርቡ ስለያዘ በብዙ ጨዋታዎች እስከ 253 ዋት ከሚጠቀመውና 24 ኮር ካለው ኮር አይ9-13900ኬ ጋር ተፎካክሯል፤ በብዙዎቹም በልጧል። መረጃን ማቅረብ ቮልቴጅን ከማሳደግ የተሻለ መፍትሔ የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ከፍታ፣ አቧራና ኤሌክትሪክ

በውጭ አገር የተለካ የሙቀት ውጤት አዲስ አበባ ላይ እንዳለ አይሠራም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከርም ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ያነሰ ነው። የሰርቨር አምራቾች ከ950 ሜትር ገደማ በላይ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር የሚፈቀደውን የክፍል ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲቀንስ የሚያዙት ለዚህ ነው። በዚህ ስሌት 35 ዲግሪ የተፈቀደለት መሣሪያ በአዲስ አበባ 30 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በዚህ ላይ በበጋ የሚገባው አቧራ ማቀዝቀዣውን ሲደፍን፣ ላፕቶፕ ደግሞ በአልጋ ልብስ ላይ ተቀምጦ የአየር መግቢያው ሲታፈን፣ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ተጠቃሚው አቅም አነሰኝ ብሎ አዲስ ካርድ ሊገዛ ይነሣል፤ የሚያስፈልገው ግን ብሩሽና አዲስ የሙቀት ቅባት ሊሆን ይችላል።

የኤሌክትሪኩም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የተለመደ ፓወር ሰፕላይ መብራት ሲቋረጥ ማሽኑን ማቆየት የሚችለው 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ይህም የ50 ኸርዝ መስመርን አንድ ሙሉ ዑደት አይሞላም። ስታቢላይዘር ከፍና ዝቅ የሚለውን ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ የጠፋውን አይተካም፤ ለዚያ ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ዘመናዊ የግራፊክስ ካርዶችም ለማይክሮሰከንዶች ከተለመደው ፍጆታቸው እጅግ የላቀ ኃይል ይስባሉ። ስለዚህ በዋጋ ርካሽነት ብቻ በተመረጠ ፓወር ሰፕላይ ላይ ውድ ካርድ መሰካት በአሸዋ ላይ ቤት እንደመሥራት ነው።

የተቃውሞው ሐሳብ

ማሽኑ የባለቤቱ ነው፤ አምራቹ የተወውን አቅም መጠቀም መብቱ ነው የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሴሌሮን 300ኤ ከ300 ወደ 450 ሜጋኸርዝ በቀላሉ ከፍ ይል ነበር፤ ገዢው ያለ ተጨማሪ ወጪ ግማሽ ያህል ፍጥነት ያተርፍ ነበር። ዛሬ ግን ፕሮሰሰሮች እንደ ሙቀቱና እንደ ኃይሉ ሁኔታ ራሳቸውን ከፍ የሚያደርጉ ስለሆኑ አምራቹ የሚተወው ትርፍ ጥቂት ነው። በውድድር የሚጫወቱ ሰዎች ለዚያች ጥቂት ትርፍ ብለው አደጋውን ቢቀበሉ በእነርሱ አይፈረድም። በአንድ ማሽን ለሚማር፣ ለሚሠራና ለሚጫወት ተማሪ ግን ሒሳቡ አያዋጣም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ይሆንበታል።

ቅደም ተከተሉ

በመሆኑም የማሻሻያው ሥራ በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢካሄድ ይመረጣል። በመጀመሪያ ማሽኑ ሳይነካ የፍሬም ጊዜውና የሙቀቱ መጠን ይመዝገብ። ቀጥሎ አቧራው ይጽዳ፤ ባዮሱና ድራይቨሩ ይታደሱ፤ የኃይል ገደቦቹም አምራቹ ከሚመክረው ጋር ይመሳከሩ። ከዚያ ራሙ በሜምቴስት86 ሌሊቱን ይፈተን። እዚህ ላይ በሳጥኑ የተጻፈው 6000 ፍጥነት ብዙ ጊዜ ኤክስኤምፒ የተባለው ቅንብር ሲበራ ብቻ የሚገኝ መሆኑ መታወቅ አለበት፤ ቅንብሩ ከመደበኛው ልክ በላይ ማስኬድ ስለሆነ ማሽኑ በሚወድቅበት ጊዜ በቅድሚያ መጥፋት ያለበት እርሱ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የፍሬሙ ቁጥር ስክሪኑ ማሳየት በሚችለው ልክ ይገደብ፤ ስክሪኑ ለማያሳየው ፍሬም የሚወጣ ኃይል ሙቀት ብቻ ነው። ፍጥነት መጨመር የሚታሰበው በመጨረሻ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየተቀየረ በየመሐሉ መለካት ይኖርበታል። ሦስት ነገር በአንድ ምሽት የቀየረ ሰው ማሽኑ ቢሻሻልም ቢበላሽም ምክንያቱን አያውቅም።

የትምህርት ክፍሎችም ከዚህ የሚወስዱት ነገር አለ። በቤተ ሙከራ ያለ ማሽን ከባድ ጨዋታ ወይም ባለ ሦስት ገጽታ የግራፊክስ ፕሮግራም ሲያስኬድ ከወደቀ ቀኑ፣ የስሕተት መልእክቱና የነበረው ሙቀት በመዝገብ ሊሰፍር ይገባል፤ ምክንያቱ እስኪታወቅም ማሽኑ ለጥናት ስሌት ባይውል ይመረጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና ትንሽ ትዕግሥት ነው። የተዘጋ ጨዋታ እንደገና ይከፈታል፤ በታመመ ማሽን ተሰልቶ በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ የገባ የተሳሳተ ቁጥር ግን ማንም ሳያውቀው መደርደሪያ ላይ ይቀራል።