ከአየር ጋር የሚጠፋው መድኃኒት፦ የሰመመን ጋዝ ብክነትና የኤሌክትሮኒክ መዝገብ

ከዝቋላ ወረዳ፣ ከጽጽቃና ከዙሪያዋ ቀበሌዎች ከባድ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ወደ ሰቆጣ፣ ወደ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ይጓዛል። ከብት ሸጦ፣ ዘመድ አስቸግሮ ለደረሰ ታካሚ ሐኪምና አልጋ ብቻ አይበቁትም፤ ሰመመን ከሌለ ቀዶ ሕክምና የለም። በጦርነቱ የዋግ ኽምራ ጤና ተቋማት የደረሰባቸውን ዘረፋና ውድመት የሚያስታውስ ሁሉ የአንዲት ጠርሙስ መድኃኒትን ዋጋ ያውቃል።

በሀገራችን ታካሚን ሙሉ በሙሉ ለማስተኛት ከሚውሉት መድኃኒቶች መካከል ሃሎቴንና አይሶፍሉሬን ይገኙበታል። በፈሳሽ መልክ መጥተው፣ በሰመመን ማሽኑ ላይ ተንነው ከኦክስጅን ጋር ወደ ሳንባ ይገባሉ። ሰውነት የሚያስቀረው ግን ጥቂቱን ነው። ታካሚው እንዲተኛ ፍሰቱን መጀመሪያ ከፍ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ከተኛ በኋላ ዝቅ ሳይደረግ ከቀረ ግን ትርፉ ማንንም ሳይጠቅም ይወጣል። ማስወገጃ በሌለበት ክፍል ደግሞ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይተነፍሱታል።

ለዚህ ዝንጋታ የተሞከረው አንዱ መፍትሔ የኤሌክትሮኒክ ሕክምና መዝገብ ነው። መዝገቡ የማሽኑን ፍሰት እየተከታተለ፣ መጠኑ ከልክ ሲያልፍ በስክሪኑ ላይ ለባለሙያው ማስታወሻ ያወጣል። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ማስታወሻው ፍሰቱን ቀንሷል፤ ማስታወሻው ሲቋረጥ ግን ፍሰቱ እንደገና ከፍ ብሏል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሥልጠና ሰጥቶ መተው አይበቃም።

ጉዳዩ ከአየር ንብረት ጋርም ይያያዛል። ዴስፍሉሬን የተባለው የሰመመን ጋዝ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,500 እጥፍ ገደማ ሙቀት የማመቅ ኃይል አለው፤ ስኮትላንድ በ2023 እ.ኤ.አ. ከሆስፒታሎቿ አስወጥታዋለች። ይህ ማለት ግን የሰቆጣ ሆስፒታል ጋዝ ስለቆጠበ በዝቋላ ድርቅ ይቀራል ማለት አይደለም። ለእኛ የቅርቡ ጥቅም የመድኃኒቱ መበርከት ነው፤ አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ታካሚ ይዳረሳል።

ጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም በጀመረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ «የመረጃ አብዮት»ን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። ሆኖም ኮምፒውተር መግዛት ብቻውን ጋዝ አይቆጥብም። መዝገቡ ከሰመመን ማሽኑ ጋር መገናኘት፣ መብራቱም አለመቆራረጥ አለበት። ከሁሉም በላይ በዝቅተኛ ፍሰት ለመሥራት የኦክስጅንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ፣ እንዲሁም ታካሚው የሚያስወጣውን የተቃጠለ አየር የሚያጣራ ሶዳ ላይም ያስፈልጋል። እነዚህ ባልተሟሉበት ፍሰት ቀንሱ ማለት ጋዝ ለማዳን ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ መለኪያና ማጣሪያ፣ ቀጥሎ መዝገብ፣ ከዚያ ማስታወሻ። ዲጂታል ሥርዓቱ እስኪደርስም መለኪያው ያላቸው ሆስፒታሎች በወረቀቱ የሰመመን መዝገብ ላይ የፍሰት መጠንን በየጊዜው የሚያስሞላ አንድ ዓምድ ሊጨምሩ ይችላሉ። ወጪው የአንድ መስመር ቀለም ነው፤ ትርፉ ግን ከሩቅ ቀበሌ መጥቶ ተራ የሚጠብቅ ሰው «መድኃኒት አልቋል» ተብሎ እንዳይመለስ ይረዳል።