ሙዙን አታፍኑት

ጁስ ቤቴ የሚገባ ደንበኛ ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀኝ «እህቴ፣ ሙዙ በመድኃኒት የበሰለ ነው እንዴ?» ብሎ ነው። ስጋቱ ይገባኛል። ሙዛችን የሚበላሸው ግን በሌላ ነገር ነው።

አርባ ምንጭ አካባቢ ሙዝ የሚቆረጠው በጥሬው ነው። በስሎ ቢቆረጥ ኖሮ፣ የሙዝ ቅጠል ተጎዝጉዞለት በአይሱዙ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ሲደርስ የሚሸጥ ነገር አይተርፍም ነበር። ሙዝ ከተቆረጠ በኋላም ይተነፍሳል፤ ኦክስጅን ያስገባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሙቀት ያወጣል። ጥሬ ሳለ ትንፋሹ ዝግ ያለ ነው። መብሰል ሲጀምር ግን ራሱ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያመነጫል፣ ትንፋሹም አምስት እጥፍ እስኪደርስ ሊንር ይችላል። የሥጋውን አንድ አምስተኛ ያህል የያዘው ስታርች ስኳር የሚሆነው ያኔ ነው። የካምብሪጅ ተመራማሪዎቹ ኪድና ዌስት ይህን የትንፋሽ ንረት በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በፖም ላይ ለክተውታል። ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ፓፓያና ቲማቲምም እንደዚሁ ናቸው። ብርቱካን አይደለም፤ ሳይጣፍጥ ከተቆረጠ ቤት አስቀምጠው ቢጠብቁት ያው ነው።

የአዲስ አበባ ነጋዴ ኤቲሊን የሚለውን ስም ባይሰማም ሥራውን ያውቀዋል። ጥሬውን ሙዝ ክፍል ውስጥ ይከምርና የላምባ ምድጃ ለኩሶ በሩን ይዘጋል፣ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል። ጭሱ ውስጥ ኤቲሊን አለ። ካሊፎርኒያም ሎሚ ቢጫ እንዲሆን በላምባ ምድጃ ይሞቅ ነበር። ልጣጩን ቢጫ የሚያደርገው ሙቀቱ ሳይሆን ጭሱ ውስጥ ያለው ኤቲሊን መሆኑን ዴኒ የተባለ ተመራማሪ በ1924 እ.ኤ.አ. አሳየ። እኛ ዛሬም ከምድጃው አልተላቀቅንም።

እንግዲህ ደንበኛዬ «መድኃኒት» የሚለው ሙዙ ራሱ የሚያወጣውን ጋዝ ነው። (ለማብሰያ የሚጠቀሙበት ካርባይድ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አርሴኒክ የሚባል መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል እሱን መፍራት ልክ ነው።) እኔን የሚያናድደኝ የተዘጋው በር ነው። ሙዙ አየር አብዝቶ በሚፈልግበት ሰዓት ምድጃው ይሻማዋል። ሁለቱም የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጠራቀም መብሰሉን ያዘገየዋል፤ ነጋዴው ደግሞ «አልበሰለም» ብሎ ላምባ ይጨምራል። ምድጃውን ሊያይ የሚገባው ልጅ እያሳለ ነው የሚወጣው።

ከዚያ ጣጣው እኔ ጋ ይመጣል። ልጣጩ አረንጓዴነቱ ሳይለቀው ውስጡ የላሸቀ ሙዝ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ሙቀት የበዛበት ነው። ካቨንዲሽ የሚባለው ዝርያ ከ24 ዲግሪ በላይ በሞቀ ክፍል ሲቆይ ልጣጩ በወጉ ቢጫ አይሆንም፣ ሥጋው ግን ቀድሞ ይለሰልሳል። ብድግ ሲያደርጉት አንገቱ ይበጠሳል፤ ሲላጥ ላምባ ላምባ ይሸታል፤ ስኳር ቢያበዙበትም ሽታው አይጠፋም። ለይቼ እጥለዋለሁ፤ የጣልኩትም በኪሎ የከፈልኩበት ነው።

ምድጃውን መከልከል ብቻውን አይፈይድም፤ ተደብቆ ይለኮሳል። የሚያስፈልገው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ የሚቆይ ክፍል፣ ከአየሩ ከአሥር ሺህ አንድ እጅ ብቻ የሚሆን ኤቲሊን፣ እንዲሁም አየር የሚገባበት በር ነው። ይህን ሁሉ አንድ ትንሽ ነጋዴ ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ ከተማው የአትክልት ገበያ ሲሠራ የጋራ ማብሰያ ክፍልም አብሮ ይሥራ፣ ነጋዴው እንዳስገባው ኪሎ መጠን ይክፈል። እስከዚያው ግን ቴርሞሜትር መስቀልና በቀን ሁለቴ በሩን መክፈት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። በዚያ መንገድ የበሰለ ሙዝ የሚያመጣልኝ ካለ በኪሎ ጥቂት ብር ጨምሬ እገዛዋለሁ፤ የምጥለው ስለሚቀንስ አልከስርም።