ለንጹሕ ሽንት ዐሥር ዶላር

በካሊፎርኒያ የሜታምፌታሚን ሱሰኛ ሽንቱ ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ የስጦታ ካርድ ይሰጠዋል። ሜዲ-ካል የተባለው የግዛቲቱ የጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2023 የጀመረው ሕክምና ነው። ከ10 ዶላር ይነሣል፤ ንጹሕ ሆኖ በቀጠለ ቁጥር ይጨምራል፤ የዓመቱ ጣሪያ 599 ዶላር ነው። «ደግሞ ሱሱን ስለተወ ደመወዝ ይቆረጥለት?» የሚል ብዙ ነው። እኔ ይቆረጥለት ባይ ነኝ።

ምክንያቴ ያለው አንጎል ውስጥ ነው። ዶፓሚን አንጎል «ይህ ደስ ይላል፣ ድገመው» የሚልበት ንጥረ ቅመም ነው። ኮኬይን የወጣው ዶፓሚን እንዳይመለስ መንገዱን ይዘጋል። ሜታምፌታሚን ግን ነርቩ ውስጥ ገብቶ የዶፓሚኑን ጎተራ ይገለብጠዋል። ቶሎም አይለቅም፤ ግማሹ ከደም እስኪወጣ ብቻ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል። ሰውየው ቀናት ሙሉ አይተኛም፣ እህል አያሰኘውም፤ የደም ሥሮቹ ይኮማተራሉ፣ ልቡ እየተጎዳ ይሄዳል፣ በጎልማሳነቱ ስትሮክ የሚመታውም አለ። ቆዳው ሥር ተባይ የሚሄድ እየመሰለው ይቧጥጣል። ምርቃናና ዱካክ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደሉም፤ የጫቱ ካቲኖንም በኬሚካል ዘሩ የዚሁ ዘመድ ነው። ጉልበታቸው ግን አይገናኝም።

ከባዱ ካቆሙ በኋላ ያለው ነው። የሱስ ተመራማሪዋ የኖራ ቮልኮው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጥናት የ5 ሜታምፌታሚን ተጠቃሚዎችን አንጎል ካቆሙ ስድስት ወር ሳይሞላቸው፣ ኋላም ከዓመት በላይ ታቅበው አነሣ። ዶፓሚንን የሚመልሱት አጓጓዦች በአንዱ የአንጎል ክፍል 19 በመቶ ጨምረው ተገኙ፤ የማስታወስና የእንቅስቃሴ ፈተናው ውጤት ግን በዚያ ልክ አልተሻሻለም። አምስት ሰው ጥቂት መሆኑን አልክድም። ቢሆንም ዘመድ በወሩ «ምነው ፊትህ አይፈታም? ሥራስ አትፈልግም?» እያለ የሚያፋጥጠው ሰው ደስ የሚለው ነገር ያጣው በስንፍና አይደለም። «ልጆችህን አስብ» ማለት የሩቅ ዋጋ ማሳየት ነው። ዛሬ እጁ የሚገባ 10 ዶላር ግን ለተጎዳ አንጎልም ይሰማል።

ለሄሮይን ሱሰኛ ሜታዶን የሚባል መድኃኒት አለለት። ለዚህኛው የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ያጸደቀው አንድም ክኒን የለም፤ እስካሁን ጠንካራ ማስረጃ ያለው ይኸው ሽልማት ነው። «ከመጀመሪያውም ያልነካው ሰውስ ምን አገኘ?» ለሚሉ መልስ የለኝም፤ እውነት አላቸው። ብቻ አንዲት ሌሊት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ማደር ከ599 ዶላር በላይ ታስከፍላለች።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ሽልማቱ በ24 ሳምንት ያበቃል፤ ያውም ከ12ኛው ሳምንት በኋላ ምርመራው በሳምንት ከሁለት ወደ አንድ ይወርዳል። የቮልኮው ሰዎች አንጎል ግን ያንን ለውጥ ያሳየው ከዓመት በኋላ ነው።