ቁጥር ፍሬን አይሆንም

በጉለሌ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን መንገድ የማያውቅ የስድስት ኪሎ ተማሪ የለም። እንጨት የተሸከሙ እናቶች፣ ነጠላ ሊገዛ የመጣ ገበያተኛ፣ ደብተር የያዙ ሕፃናትና ቁልቁለቱ የሚያስከንፈው መኪና በአንድ አስፋልት ላይ ይጋፋሉ።

የፍጥነት ወሰን ጉዳይ በተነሣ ቁጥር የሹማምንቱ ክርክር «ስንት ኪሎ ሜትር ይሁን?» ከማለት አያልፍም። መልሱ ግን ከታወቀ ሰንብቷል። በየካቲት 2012 ዓ.ም. በስቶክሆልም የተሰበሰቡ የብዙ አገሮች ሚኒስትሮች፣ እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ስፍራ ፍጥነት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ተስማምተዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ፍጥነት ከ30 ወደ 60 ሲያድግ መኪናው ይዞት የሚመጣው ኃይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው።

«ነጂውን መቅጣት ይበቃል» የሚሉ አሉ። ቅጣቱን አንቃወምም። ነገር ግን ፖሊሱ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ቁልቁለቱ ግን እዚያው ያድራል። ስለዚህ መንገዱ ራሱ ነጂውን ያዝግመው እንላለን፤ ጉብታ ይሠራበት፣ የእግረኛ መሄጃው ይስፋ፣ ማቋረጫው ይቀለም።

ወጪው ይበዛል የሚለን ሹም ካለ፣ የአንዲት እንጨት ተሸካሚ እናት ሕይወት በስንት ብር እንደ ተተመነ አስቀድሞ ይንገረን።