ሳይነኩት የሚታይ ሰዓት

የስማርት ሰዓት ስክሪን በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ክንድ ወደ ፊት ሲነሳ ብቻ ይበራል፤ ሁለተኛው ደብዘዝ ብሎ ሳይጠፋ ይውላል። የሚሻለውን የሚወስነው የባለቤቱ ውሎ እንጂ የሰዓቱ ዋጋ አይደለም።

ጥያቄው የቆየ ነው። ሐሚልተን እ.ኤ.አ. በ1972 ለገበያ ያቀረበው ፑልሳር፣ የመጀመሪያው የኤሌክትሮኒክ ዲጂታል የእጅ ሰዓት፣ ቀያይ ቁጥሮቹ ባትሪ ስለሚበሉ የሚበራው ቁልፍ ሲጫን ብቻ ነበር። አንዱ እጅ ሰዓቱን አሥሮ ሌላው ይጫናል። ኋላ የመጡት ኤልሲዲ ሰዓቶች ከዚህ ገላገሉ፤ ቁጥራቸው በትንሽ ኃይል ሁልጊዜ ይታያልና።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አፕል ዎች እንደገና እጅ ማንሳትን ጠየቀ። አክሰለሮሜትርና ጋይሮስኮፕ የተባሉ ሴንሰሮች የክንድን እንቅስቃሴና መዞር ለክተው ስክሪኑን ያበሩታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የመጣው ሲሪስ 5 ግን ሳይጠፋ መዋል ቻለ። በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደሰው ምስል፣ ባለቤቱ በማያይበት ጊዜ ወደ 1 ጊዜ ይወርዳል። በኦሌድ ስክሪን ላይ ጥቁር የሆነው ክፍል ብርሃን ስለማያወጣ ኃይል አይፈጅም። ያም ሆኖ ሳይጠፋ የሚውል ስክሪን ባትሪውን ቶሎ ያዳክማል።

በጨፋ ሸለቆ ይህ ልዩነት በግልጽ ይታያል። ከሚሴ ከተማ ላይ ባጃጅ የሚነዳ ሰው ሁለቱም እጆቹ መሪ ላይ ናቸው። ሰዓት ለማየት እጁን ከመሪ እንዲያነሳ ማስገደድ ለእሱም ለተሳፋሪውም አደጋ ነው፤ ለእሱ የሚበጀው በርቶ የሚውለው ነው። በበጋ በቦርከና ወንዝ ዳር ሣር ፍለጋ ከብቱን ይዞ የሚወርድ አርብቶ አደር ደግሞ ከመብራት ርቆ ይሰነብታል። የቆላው ፀሐይም የደበዘዘ ኦሌድ ላይ ሲያርፍ ቁጥሩን ለማንበብ ያስቸግራል። እንዲህ ላለው ሰው ብርሃን የሚያንጸባርቅ ስክሪን ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ፔብልና በርካታ የጋርሚን ሰዓቶች የተሠሩት በዚህ ዓይነት ስክሪን ነው፤ ፀሐይ በበረታ ቁጥር ይበልጥ ይነበባሉ፣ ባትሪያቸውም ለቀናት ይቆያል።

በመስጊድ ነገሩ ይገለበጣል። ሰጋጁ ለተክቢራ እጆቹን ሲያነሳ ሴንሰሩ ሰዓት ሊያይ የፈለገ ሊመስለው ይችላል። በሱብሂና በኢሻ ጨለማ ውስጥ ድንገት የሚበራ ስክሪን የባለቤቱንም የጎረቤቱንም ልብ ይሰርቃል። ለዚህ መፍትሔ አለ፤ በአፕል ዎች የቲያትር ሁነታ የሚባለው ሲከፈት ሰዓቱ ካልነኩት አይበራም። በሌሎች ሰዓቶችም እጅ ሲነሳ የሚበራበትን አሠራር ከሴቲንግ ማጥፋት ይቻላል።

ስለዚህ ሻጭ ሰዓቱን ከማስረከቡ በፊት ገዢው የት እንደሚውል መጠየቅ፣ ሁለቱንም አሠራሮች ማብራትና ማጥፋት ማሳየት አለበት። ለመንገድ የሚበራው፣ ለሶላትና ለእንቅልፍ የሚጠፋው፣ ለሜዳ ደግሞ በፀሐይ የሚነበበው ይመረጣል።