የላቦራቶሪ ቴክኒሽያን ለምን እንደ ገና ከሀ ሁ ይጀምራል?

ስለ አገራችን ትምህርት ሲወራ ሁሉም የሚናገረው ስለ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው ቅጥር ውጭ ስለ ቀሩት የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ላነሣ የምፈልገው ከነዚሁ ስለ አንዱ ክፍል ነው፤ ይኸውም በጤና ኮሌጆች የሕክምና ላቦራቶሪ ሙያ ተምረው በዲፕሎማ ወይም በደረጃ 4 ስለሚመረቁት ወጣቶች ነው። እነዚህ ወጣቶች የተማሩት ተቈጥሮላቸው ወደ ባዮሜዲካል ሳይንስ ዲግሪ የሚያልፉበት ቀጥተኛ መንገድ ሊኖራቸው ይገባል እላለሁ።

ቀራንዮ ለምንኖር ተማሪዎች ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የአለርት ሆስፒታል የሚገኘው በዚሁ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነው። በቅጥሩ ውስጥም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1970 የተመሠረተው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም አለ። ተቋሙ ስሙን ያገኘው በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ካገኘው የኖርዌይ ሐኪም ነው። እንግዲህ ትልቁ ሳይንስ በደጃችን ነው። ነገር ግን የሰፈራችን ልጅ በዲፕሎማ ተመርቆ ማይክሮስኮፕ ፊት ከተቀመጠ በኋላ ከዚያ ወደ ተመራማሪነት የሚያደርሰውን ደረጃ አያገኘውም።

ሥራውን እንመልከት። በአክታ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የሚፈልግ ቴክኒሽያን ስላይዱን በቀይ ቀለም ይነክራል፥ በእሳት ያሞቃል፥ በአሲድና በአልኮል ያጥባል፥ በመጨረሻም ሰማያዊ ቀለም ይጨምርበታል። በማይክሮስኮፕ ሲያይ ሌላው ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ ባክቴሪያው ብቻ ቀይ እንደ ሆነ ይቀራል። ይህን እጁ ለምዶታል። አሲዱ ቀዩን ቀለም ለምን እንዳላስለቀቀው፥ የባክቴሪያው ግድግዳ ሰም የመሰለ ቅባት ያለበት በመሆኑ ምን እንደሚከተል በጥልቅ የሚያስተምረው ግን ባዮኬሚስትሪ ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ በበኩሉ ምክንያቱን ከመጽሐፍ ያውቃል፤ ስላይዱን ሲይዝ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል። ታዲያ ሁለቱም አንድ አንድ ጐዶሎ ካላቸው፥ ቴክኒሽያኑ የጐደለውን ሊሞላ ሲገባው የሞላውንም አፍስሶ እንደ ገና እንዲጀምር ማድረግ ምን ይባላል?

ወደ ኮሌጅ የሚገባው ሰነፍ ነው የሚሉ አሉ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት የ10ኛ ክፍል ፈተና አንዱን ወደ መሰናዶ፥ አንዱን ወደ ሙያ ይለይ ነበር። በዐሥራ ስድስት ዓመት ዕድሜ የተፈተኑት ፈተና የዕድሜ ልክ ፍርድ ሆነ ማለት ነው። ያ ፈተና ቀርቷል፤ ፍርዱ ግን በብዙዎች ላይ እንደ ጸና ነው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ከ800 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ። መንግሥት ለወደቁት ሬሜዲያል የሚባለውን የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ከፍቷል፤ መልካም አድርጓል። ነገር ግን በፈተና ለወደቀ ሁለተኛ በር ከተከፈተ፥ ሙያ ተምሮ በብቃት ምዘና ላለፈ ስለ ምን ይጠብበታል?

በሩ ጨርሶ ተዘግቷል አልልም። ፖስት ቤዚክ በሚባለው ፕሮግራም ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ ያደጉ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች አሉ። ሆኖም ለጥቂቶች የተገኘ ዕድል መንገድ አይባልም። ችግሩን የሚያከብደው ደግሞ ጉዳዩ የብዙ ጌቶች መሆኑ ነው። በ2014 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 1263 የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲዞር፥ ዩኒቨርሲቲዎች በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ናቸው፤ የጤና ሙያ ደግሞ የጤና ሚኒስቴርን ይመለከታል። መሥሪያ ቤቱ ሦስት ነው፤ ልጁ ግን አንድ ነው።

«የትምህርቱ ጥራት ይወድቃል» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይፈተናል። በመውጫው በር ዘበኛ ቆሞ ሳለ መግቢያውን በግንብ መድፈን ጥራትን መጠበቅ አይደለም። በአሜሪካም የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተማሪዎች የወሰዱት ኮርስ ተቈጥሮላቸው ዩኒቨርሲቲ መግባታቸው የቈየ ልማድ ነው። የአገሪቱ የጤና ምርምር ተቋምም «ድልድይ» በሚል ስም ባቋቋመው ፕሮግራም እንዲህ ያሉትን ተማሪዎች ወደ ባዮሜዲካል ሳይንስ ለማሻገር ብዙ ዓመት ገንዘብ አውጥቷል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፥ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ተቀምጠው የትኛው የኮሌጅ ኮርስ በየትኛው የዲግሪ ኮርስ እንደሚተካ ዘርዝረው ያውጡ። ሁለተኛ፥ ለሚያልፉት ተማሪዎች ክረምት ላይ የኬሚስትሪ፥ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ይሰጥ። ሦስተኛ፥ የሥራ ልምዳቸው በተግባር ፈተና ተመዝኖ ይቈጠርላቸው።

ወንድሞችና እኅቶች፥ ከነዚህ ሁለተኛውን ለመጀመር የማንንም ደብዳቤ መጠበቅ የለብንም። ማኅበራችን በሚመጣው ክረምት ከየሰፈሩ ቴክኒሽያኖችን ሰብስቦ ኬሚስትሪ ያስተምር፤ እነርሱም ስላይድ አያያዝ ያስተምሩን። ማን ከማን የበለጠ እንደ ተማረ ያን ጊዜ እናያለን።