ቀዩ እስክሪብቶ ራሱ ይታረም!

ጠዳ ላይ መብራት ሲጠፋ ሁሉም የሚፈልገው ባትሪ ነው። አያትም ልጅም «ባትሪውን አምጣ» ይላሉ፤ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚመጣው እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ነው። ተማሪው ከፊልም የሰማውን «ፍላሽላይት» ብሎ ይጽፋል እንበል። የመምህሩ መልስ ግን «ቶርች» ነው። ኤክስ!

ይሄ እርማት ሳይሆን ጥፋት ነው። ቶርች የእንግሊዞች፣ ፍላሽላይት የአሜሪካኖች ቃል ነው። የውሃ ቧንቧው ለለንደን ሰው ታፕ፣ ለኒውዮርክ ሰው ፎሴት ነው። ላጲስ ለአንዱ ራበር፣ ለሌላው ኢሬዘር ነው። የእኛው «ላጲስ» ራሱ በጣሊያንኛ እርሳስ ማለት ነው! ታዲያ ማን በማን ይስቃል?

እንግሊዝኛ ወደ አገራችን የገባው በአንድ በር አይደለም። ከ1933ቱ ነፃነት በኋላ የእንግሊዝ መምህራንና መጻሕፍት መጡ። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ከደጋፊዎቹ አንዷ አሜሪካ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በየክፍለ ሀገሩ ተሰማሩ። ሁለቱንም እንግሊዝኛ እጃችንን ዘርግተን ተቀብለን ሲያበቃ፣ የልጅ ልጆቻችንን በአንዱ መቅጣት ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

«ፈተና አንድ ወጥ መሆን አለበት» የሚሉ አይጠፉም። ወጥነት ያስፈልጋል። ግን ስንቱ ወጣት ለውጭ ትምህርት የሚቀመጥለት አይኤልትስ እንኳ ሁለቱንም እንግሊዝኛ ይቀበላል። ፈተናው ባለቤት አገር የማይከለክለውን የእኛ ቀይ እስክሪብቶ በምን ሥልጣን ይከለክላል?

ነገሩ የነጥብ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ጠዳ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያለባት ከተማ ናት። የእንግሊዝ መጽሐፍ «ፓራፊን» ሲል ላምባ ማለቱ ነው፤ አሜሪካዊው ግን ፓራፊን የሚለው የሻማውን ሰም ነው፣ ላምባውን ኬሮሲን ይለዋል። ሕፃን ላምባ ጠጥቶ ሲመጣ ይህ ልዩነት ቀልድ አይደለም። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ብልቃጥ ላይ «አሴታሚኖፌን» ይላል፤ ከፋርማሲ የተገዛው ላይ «ፓራሲታሞል»። መድኃኒቱ አንድ ነው። ሁለት መስሎት ደራርቦ የሚውጥ ሰው ጉበቱን ሊያጣ ይችላል። አንድ ስም ብቻ ልክ ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ነገ ነርስ ሲሆን ይህን በምን ይለያል?

በአማርኛችንስ የአንድ ዕቃ ስም በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎና በሸዋ ሲለያይ አላየንም? ጎጃሜውን «አማርኛ አትችልም» የሚለው ካለ የሚሳቀው በተናጋሪው ነው። ለአማርኛ ያወቅነውን ለእንግሊዝኛ መንፈግ አይገባም።

መፍትሔው በጀት አይጠይቅም። መማሪያ መጽሐፉ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ያትም፤ የፈተና መልስ መስጫውም ሁለቱን ይቀበል። መጽሐፉ እስኪታተም ደግሞ መምህሩ ዛሬውኑ ሰሌዳው ላይ ሁለቱንም መጻፍ ይችላል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚማር ልጅ ባወቀው ቃል መቀጣት የለበትም።